የኑርዬ ትርጉም

ከሰኞ ገበያ ሽቅብ ስትወጣ፣
ከስሩ ሰማያዊ ብርሃን የሚያወጣ
አንድ ቆርቆሮ በር ነበር። ጦሳ ጉሙን ለብሶ ደሴ ሲጨልም
ከዚያ በር በቀር ለኛ ደጅ የለም።

ሦስት ቴሌቪዥን፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣
ብር ለሃያ ደቂቃ፤ ዱቤ ክልክል ነበር።
ማሽኑ አርጅቶ ሲዲ አላነብ ካለ
ኑርዬ በሆዱ አስተኝቶ፣ እንደ ሕፃን ጀርባውን መታ መታ እያለ፣
«ቢስሚላህ» ይልና ቁልፉን ይነካል፤
ጥቁሩ መስታወት ቀስ እያለ ይፈካል።

ምን ያልፈካ አለ!
አንዱ መኪና ነው፤ ጠመዝማዛው መንገድ
ቁርጥ ሐረጎን ነው፣ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ፤
እኔ ሁሌም ገደል፤ ተማም ሁሌም ፍሬን፣
«የአይሱዙ ሹፌር ልጅ ነኝ፤ ተው፣ ልቀቀው መሪውን!»

በሌላው ከሰማይ ጡብ ይወርዳል። ጡብ ብቻ።
ግንበኛ የለው፣ ጣሪያ የለው፤ መስመሩ ሲሞላ መጥፋት እንጂ የለው መጨረሻ።
ሉባባ የሙራድ ግንበኛው ልጅ ናት፤ ጠማማ ድንጋይ የት እንደሚተኛ
እጇ ከዓይኗ ቀድሞ ያውቃል፤ እኛ ስንጣደፍ እሷ ዝግተኛ።

አንዱ ደግሞ እርሻ፦ ዝራ፣ አጠጣ፣ ጎመን ሽጥ፣ ላም እለብ።
ጌጡ ሣቀ። «ከቤት የሸሸሁት ይሄንኑ አይደል? ብር ከፍዬ ልታለብ!»
ሦስት ቅዳሜ ግን ተሰልፎ ሲያልብ ዋለ።

ሌላው ነፍሰ ገዳይ ፍለጋ፦ አሻራ፣ ኮፍያ፣ የተሰበረ ሰዓት፤
ሳንይዘው ሃያው ደቂቃ ያልቅና፣ በየቀኑ ያመልጣል ያለ ቅጣት።

ከዚያ ያ የጉም ከተማ፤ ጎዳናው ሰው አልባ፣
ከጭጋጉ ውስጥ፣ እግሩን እየጎተተ፣ የሆነ ነገር ሲገባ፤
ትንሹ ሸምሱ ግን ዓይኑን አልጨፈነም።
«የኛ ሰፈር እኮ ነው፣ ነሐሴ ላይ» አለ። ማንም አልሣቀም።

ፊደሉ ሩቅ ነበር፤ የጃፓን ይሁን የቻይና
እኛም አናውቅ፣ ኑርዬም አያውቅ፤ አንብብልን ሲሉት ግን መች ይፈራና!
ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ጣቱን መስታወቱ ላይ ሰዶ፣
«ይሄ ባለ ሰይፍ አደራ በልቶ፣ ከአገሩ የወጣ ተዋርዶ፤
ሰባት ባሕር ይዞራል ሊመልስ።
ይቺ ፀጉረ ነጭ የባለ አደራው ልጅ ናት፤
አታውቀውም ገና። እንዳትነግሯት።»
አልነገርናትም።

ጥይት ብቻ የሆነውን የጠፈር መርከብ እንኳ ባዶ እጁን አልሰደደም፤
ደብዳቤ አስያዘው፦ «ሚስቱ ወልዳለች። ካስመታችሁት ይቅር አልልም።»

አርባ ቀን ፈጀብን ባለ ሰይፉ። አንዲቷን ሚሞሪ ካርድ
ሉባባ ከራስጌዋ ታሳድራታለች፣ አይንካት ብላ ብርድ።
የመጨረሻው በር ላይ ደረስን።
መብራት ሄደ።

ማንም አልተነሣም። የጠረጴዛዋ ሰዓት በጨለማ
ቀጭ ቀጭ ትላለች፤ መብራት መሄዱን አልሰማች፣ ወይ አትሰማ።
የኑርዬ ድምፅ መጣ። «በሩ ተከፈተ።
ሽማግሌው ተቀምጧል፤ ቀና ብሎ ተመለከተ።
‹አደራህን› አለው ባለ ሰይፉ፣ ‹ይኸው፣ አላጎደልኩም።›
‹ምን ነበር የሰጠሁህ? እኔ ድሮ ረስቻለሁ፣ አላውቅም።
ልጄን ግን አመጣህልኝ። ግቡ። ብርድ ነው፣ በሩን ልዝጋ።›»
የዚያን ማታ ሂሳብ አልተቀበለንም።

አሁን ኮምቦልቻ ነኝ፤ ክር ፋብሪካ፣ የማታ ፈረቃ።
ያን ጨዋታ ስልኬ ላይ አገኘሁት፤ እንግሊዝኛ ሆኗል፤ ገባኝ፤ በቃ፤
አደራ የለበትም ሰውየው። ቅጥር ወታደር ነው።
ልጅቷም የማንም አይደለችም።
ከበሩ ኋላ ዘንዶ አለ፤ ይገደላል፤ ዓለም ይድናል፤
እሱም ብቻውን ይሄዳል።
ከዚያ ስም መውረድ ጀመረ፦ የሣሉት፣ የጻፉት፣ ድምፅ ያዋሱት፤
የፈረቃው ደወል እስኪጮህ አንድ በአንድ አነበብኩት።
ኑርዬ የለበትም።

ለሉባባ ደወልኩላት።
ሁሉን ሰምታኝ፣ ትንሽ ዝም አለች።
«ሲዲው ቆሽሾ ነው» አለች።
«ገልብጠህ ሞክረው።»